ስንጥቅ የሌለበት ሳጥን

ራሴን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ያሳለፍኩትን ጊዜ ብደምረው ሁለት ሙሉ ቀን ሳይወጣው አይቀርም። የሚሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የእጅ ሥራ መምህር ነበርኩ። ምርጫ ሲመጣ ዘጠኝ የድምፅ መስጫ ሳጥን ሥራ የተባልኩት እኔ፣ ሠርተህ ስታበቃ ፈትሻቸውና እንከን የለባቸውም ብለህ ፈርም የተባልኩትም እኔው ነኝ። አፈታተሹን ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ አመጣሁት። ክዳኑን አወልቅና ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ ራሴ ላይ ደፍቼው አንገቴ ዙሪያ ጋቢ እጠቀጥቃለሁ። ጨለማው ውስጥ ዓይኔን ገልጬ እጠብቃለሁ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካየሁ ሳጥኑ ተመልሶ ይፈታል።

ውስጡ ሌላ አገር ነበር። ውጭ የሚጫወቱት ተማሪዎች ድምፅ ከወንዝ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። የገዛ ትንፋሼ ተመልሶ ፊቴን ያሞቀዋል። እንጨቱ ደግሞ የማውቀው ሽታ ነበረው። ጣውላ አጥተን ስንንከራተት ቆይተን በመጨረሻ የተሰጠን የተዘጋው ጸሎት ቤት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ በጋሪ አራግፈውልን ሄዱ። ልጅ ሆኜ በየእሁዱ ከእናቴ ጎን የተቀመጥኩባቸው ናቸው። የሰው ልብስ ስንት ዓመት ሲያሻሻቸው ኖሮ መላጊያ እንኳ አላስቸገሩም። እውነቱን ለመናገር፣ ሳጥኑ ውስጥ ሆኜ መፈተሼን ረስቼ ዓይኔን የጨፈንኩበት ጊዜ አለ። ጨፍኜ ስቆይ ሰዎች ሊዘምሩ ሲነሱ ወንበሩ የሚያሰማው ድምፅ ይመጣብኛል። በዚያን ጊዜ ይህ ለማንም የሚነገር ነገር አልነበረም።

አብሮኝ የሚያስተምር የአማርኛ መምህር በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ሳጥኑን ከላይ በጣቱ ያንኳኳዋል።

«ቤቶች፣ ሰው አለ?»

«ሂድ ወዲያ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እለዋለሁ ከውስጥ።

«ሥራ ላይ መሆንህንማ አየሁ፤ ራስህ ከሥራ ውጭ ሆኖ ነው እንጂ» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል።

ሁለተኛው ፈተና የወረቀት ነበር። መቶ ቁራጭ ወረቀት በማስገቢያው አስገብቼ፣ ቆልፌ፣ አናውጬ፣ ከፍቼ እቆጥራለሁ። መቶ ገብቶ መቶ መውጣት አለበት። አንደኛው ሳጥን ዘጠና ዘጠኝ አወጣ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው። ደሜ ፈላ። ሳጥኑን ብበትነው አንዷ ወረቀት ከታች ማዕዘኑ ላይ በሁለት ሳንቃ መጋጠሚያ ተወትፋ አገኘኋት። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም፤ የዘጠኙንም ሳጥን ማዕዘን በሙሉ እንደገና አያይዤ በኮላ ደፈንኩት። ከዚያ በኋላ ሁሉም መቶ አስገብተው መቶ አወጡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳጥኖቹን ሊረከብ መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ የሆሳዕናን ብርድ ያልለመደ፣ ሁልጊዜ አፍንጫውን በመሐረብ የሚይዝ ቀጭን ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም። ቁልፎቹን ሞከረ፣ የማሸጊያውን ሰም አየ፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ጓድ መምህር፣ እዚህ ጋ ከፈረምክ ተጠያቂው አንተ ነህ። ከሳጥን የሚወጣው የገባው ብቻ ነው። አንድ ትርፍ ወረቀት ብትገኝ ስሙ ስህተት አይደለም፤ አሻጥር ነው።»

አሻጥር የሚለው ቃል ያን ጊዜ ሰውን ከቤቱ ያስወጣ ነበር። ቢሆንም አፌን ሞልቼ «ሳጥኖቼ ስንጥቅ የላቸውም» አልኩና ፈረምኩ። ኩራት ነበረኝ፤ አሁንም ያለኝ ይመስለኛል።

ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሕዝቡን አለማምዱ የሚል ትእዛዝ መጣ። እኔ የደረሰኝ ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ነበር። እጩዎቹ የሚለዩት በእንስሳት ሥዕል ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ገና ፊደል እየቆጠረ ነበር። ከሥዕሎቹ የትኛው እንደሚያሸንፍ ልምምዱ ሳይጀመርም ይታወቃል። የሆነ ሆኖ የእጩዎቹን ሥዕል ለልምምድ መጠቀም ቅስቀሳ ይሆናል ተብሎ ስለተከለከለ የራሴን ሦስት ሥዕሎች ሠርቼ በስቴንስል አባዛሁ። አንዱ ወፍጮ፣ አንዱ የውሃ ጉድጓድ፣ አንዱ ድልድይ። ድልድዩን ለምን እንዳሰብኩት እንጃ። ምናልባት ከዚያ በፊት የቦታውን ወንዝ ስሻገር አንድ እግር ጫማዬን ስለወሰደብኝ ይሆናል፤ በወንዙ ገና እንደተናደድኩ ነበር።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ወረቀት ይቀበላል፤ የሚፈልገውን አንዱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ ሁለቱን ቅርጫት ውስጥ ይመልሳል። ይህችኑ በአማርኛም በሀዲይኛም እስኪሰለቸኝ አስረዳሁ። የዚያን ዕለት ጉም ከእንሰቱ ራስ አልነሳ ብሎ ነበር። ሰዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይከታሉ፣ ተመልሰው ጉሙ ውስጥ ይገባሉ። ማንም አይቸኩልም። ከዓመታት በኋላ እንኳ ያ ሰልፍ በሕልሜ ይመጣል፤ በሕልሜ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አያልቅም።

አንዲት ሴት ሳጥኑ ጋ ደርሰው ቆሙ። ሸምገል ያሉ ናቸው፤ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀዋል። ሦስቱን ወረቀት እንደ ካርታ ዘርግተው ድልድዩን አተኩረው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል እማማ። ግን ልምምድ ነው፤ ዋናው እሁድ ነው።»

«የዛሬው የት ይደርሳል?»

«የትም አይደርስም። ቆጥረን እናቃጥለዋለን።»

«የእሁዱስ?»

«የእሁዱማ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል» አልኳቸው። ሰልፉ እንዲንቀሳቀስልኝ ነበር የቸኮልኩት።

እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ጣታቸውን ድልድዩ ላይ አድርገው የሆነውን ነገሩኝ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፣ ሁለቱም ወንዙን ተሻግረው ማዶ ነው ያገቡት። ክሊኒኩ ያለው በእሳቸው በኩል ነው። የዛሬ ሁለት ክረምት ትልቋን ምጥ ይዟት በቃሬዛ አመጧት፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ተሸካሚዎቹ ውሃው ይጎድላል ብለው ማዶ ቆሙ። እናት ወዲህ ቆመው ቃሬዛውን ያያሉ። ልጅቷ እጇን ስታነሳ አይተዋል። እስከ ማምሻ ቆሙ። ከዚያ ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ።

«የታናሿ መውለጃ ለነሐሴ ነው» አሉኝ።

«እግዜር ያውቃል እማማ» አልኩ፤ ያውም በማይባልበት ዘመን። እጃቸው ወደ ማስገቢያው ሄዶ ሲመለስ አየሁ። ወረቀት ሲገባ ግን አላየሁም፤ ሆዴ ባብቶ ነበርና ወደ ሌላ በኩል ነበር የማየው።

ሰልፉ አልቆ ስንቆጥር ድልድዩ ብዙውን ሰው ወሰደ። ሂሳቡ ግን በአንድ ጎደለ። ካከፋፈልኳቸው የድልድይ ወረቀቶች አንዷ ሳጥኑ ውስጥም ቅርጫቱ ውስጥም የለችም። ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ አናወጥኩ፣ ራሴንም ከትቼ አየሁ። ብርሃን የለም። ዝናቡ ደግሞ ከማዶ ሲመጣ ይሰማል። ነፋስ ወስዷት ይሆናል ብዬ «ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ወረቀቶቹንም አቃጥለን ተበተንን። እኔ፣ ለአንድ ወረቀት ሳጥን የበተንኩት ሰው፣ ዝናብ ፈርቼ እንደዚያ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሁድ ጠዋት እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሳጥን። ሕዝቡ ፊት ክዳኑን ከፈትኩ፣ ገለበጥኩ፣ ታችኛውን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። ባዶ ነው። ሰብሳቢው አንዱን ቁልፍ ያዘ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሌላውን። ሰሙ ቀለጠ፣ ማኅተሙ ተመታ። ጉሙም እንደ ልምምዱ ቀን ነበር፤ ሰዎቹም ያው እንደዚያው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ልዩነቱ የሚወራ ነገር አለመኖሩ ነው። በልምምዱ ቀን ወፍጮ ይሻላል፣ ጉድጓድ ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች በዋናው ቀን ዝም ብለው እንስሳቸውን ከትተው ይወጣሉ። ሴትዮዋም መጡ። ከሌላው ሰው ትንሽ ዘግየት አሉ ሳጥኑ ጋ። ሲወጡ ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

ማምሻው ላይ ሳጥኑ ተከፈተ። የወረቀቱ ብዛት ከመራጩ ስም ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል። በአንድ በለጠ። ሰብሳቢው ደግሞ ቆጠረ፤ በአንድ በለጠ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲፈታ ሲፈታ ከመሐላቸው አንዷን አወጣ። ሌሎቹ እንዳስተማርኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተጣጥፈዋል። ይህቺ ግን አራት ቦታ ታጥፋ ከእጥፋቷ ላይ ጨርቅ እስክትመስል ለስልሳለች። ዘረጋት። ድልድይ ናት።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። የልምምዱ ወረቀት የትም አይደርስም ያልኩት እኔ ነኝ። የእሁዱ አዲስ አበባ ይሄዳል ያልኩትም እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ድልድያቸውን በልምምድ አላባከኗትም። ሳምንቱን ሙሉ መቀነታቸው ውስጥ ይዘው ቆይተው በዋናው ቀን ከእንስሳው ጋር ከተቷት። ከሁላችንም በላይ ትምህርቱን የተከታተሉት እሳቸው ነበሩ።

«ይህን ማን ነው የሣለው?» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ እንዴት ገባ? መራጭ ነው የከተተው?»

ቀና ስል ሴትዮዋን አየኋቸው። አጥሩ ጋ ቆመው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ይሰማሉ። ውጤቱን ነው የሚጠብቁት። መራጭ ከተተው ካልኩ መራጩን መፈለግ ይመጣል፤ ፍለጋውም ሩቅ አይሄድም።

ዓይኔን በጨው አጠብኩ። «ከልምምዱ የቀረ ነው ጓድ። ሳጥኑ ስንጥቅ አለው። ስንጥቁ ውስጥ ተወትፎ ቆይቶ ዛሬ ወረቀቱ ሲበዛ ወደቀ።»

«ጠዋት ገልብጠህ አሳየኸን እኮ።»

«ስንጥቅ ውስጥ ያለ ነገር ተገልብጦ አይታይም።»

«እንከን የለውም ብለህ ፈርመሃል።»

«ዋሽቼ ነው» አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ አፌን እንደዚያ ያቃጠለኝ ቃል የለም። የገዛ ሳጥኔን በሰው ፊት ስም አጠፋሁ።

ሰብሳቢው ወረቀቷን የያዘባቸውን ሁለት ጣቶች አሻሸ፤ አየኋቸው፣ ያብረቀርቃሉ። ቅቤ ነበር፣ የዚያን ጠዋት ራሷን ከቀባች ሴት እጅ የተረፈ። ስንጥቅ ውስጥ ሳምንት የከረመ ወረቀት ትኩስ ቅቤ ከየት ያመጣል? እሱም ይህን ያሰበ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቹን ጠረገና በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ፦ በሳጥኑ ጉድለት ምክንያት አንድ ባዕድ ወረቀት ተገኝቷል፤ ተጠያቂው ሳጥኑን የሠራው መምህር ነው።

በቀበሌው ጓዳ ውስጥ ሦስት ቀን ታሰርኩ። አልተመታሁም። መሬቱ ይበርዳል፣ ከጣሪያው ዝናብ ያንጠባጥባል፤ እኔም ቁጭ ብዬ ጠብታ ስቆጥር ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደወሰደኝ፣ ስንት ሰዓት እንደነቃሁ አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋ ቆጮና ጎመን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይዘው ከገጠር ድረስ በእግራቸው መጡ። ለምን እንደታሰርኩ የሰሙት ሳጥኑ ተሰንጥቆ ነው የሚለውን ብቻ ነበር። ዘበኛው በሩን ገርበብ አደረገላቸው።

«ልጄ፣ አይዞህ። ሳጥን ይሰነጠቃል፣ እንጨት ነው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተቆጠረ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ድልድዩ ነዋ።»

ንዴት መጣብኝ። በእሳቸው ምክንያት መሬት ላይ እያደርኩ፣ ስሜ ጠፍቶ፣ ሳጥኔ ተሰድቦ፣ እሳቸው ስለ ድልድይ ይጠይቁኛል። አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን ያመጡልኝን ቆጮ ቆርሼ ጎረስኩበት። ማዶ ቆሞ የቀረውን ቃሬዛ አሁንም የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

«ተቆጥሯል እማማ» አልኩ። «ተጽፏልም።» ይህ ውሸት አልነበረም።

«እንግዲያው መቼ ይጀምራሉ?»

«ከነሐሴ በፊት» አልኩ። ይህኛው ውሸት ነበር፤ ቢያንስ ስናገረው።

ስወጣ በመምህራን ስብሰባ ላይ ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። ቸልተኛ ነኝ፣ ትምክህተኛ ነኝ፣ አልኩ። ትምክህተኛ የሚለው ልክ ነበር። ያ የአማርኛ መምህር እንኳ ያን ዕለት አልቀለደብኝም፤ ይህም የባሰ ከፋኝ። ከዚያ ውሳኔው መጣ፦ በእኔ እጅ የተሠሩት ዘጠኙም ሳጥኖች ስንጥቅ ስላለባቸው ዳግመኛ ለምርጫ እንዳይውሉ፣ እንዲፈርሱ። በአንድ ውሸት ዘጠኙንም ጨረስኳቸው። ሳጥኖቹ እጅ ሥራ ክፍሉ በር ላይ በጋሪ ተራግፈው ስመለከት፣ ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ እናቴ ያለቀሰችውን አስታወስኩ። እኔ አላለቀስኩም። ሰብሳቢው ጋ ሄጄ ሳንቃው ምን ይሁን ብዬ ጠየቅሁት።

መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ «ማገዶ ነው። የትም ውሰደው» አለኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ። «ወንዝ ካለ ግን እርጥበት ያበሰብሰዋል። የተቃጠለ ዘይት ቀባው።»

ከእሱ እንደወጣሁ ጋሪ ፍለጋ ሄድኩ።

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ ቆርጠው ወንዙ ላይ ከዳር ዳር አጋደሙልኝ። እኔ የሳጥኖቼን ሳንቃ በእነዚያ ላይ በአግድም እየደረደርኩ መታሁ፤ ጎኖቹን፣ ታቾቹን፣ በመጨረሻም ዘጠኙን ክዳኖች ከነማስገቢያቸው። ቀዳዳውን ልድፈነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ሰነፍኩ ልበል ወይ አልሆነልኝም፣ ተውኩት። ሴትዮዋ ሊያዩ መጥተው መጀመሪያ በእግራቸው ጫፍ ሞከሩት፣ ከዚያ እስከ መሐል ሄዱ። ክዳኖቹ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው በማስገቢያው በኩል ከሥር የሚሄደውን ውሃ አዩ። ሳይረግጡት ተራመዱት፤ ሌሎቹን ስምንቱንም እንዲሁ። «አዲስ አበባ ነው የላከው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከሳጥኑ ነው የመጣው» አልኳቸው፤ ይበቃቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ በቃቸውም።

በነሐሴ ሚስማሮቹ ላልተው እንደሆነ ልይ ብዬ ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። ከድልድዩ ሥር፣ ከዳሩ አፈር ላይ ተጠለልኩ። ወንዙ ሞልቶ እየጮኸ ይሄዳል። ቀና ስል ከላዬ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው፤ በማስገቢያዎቹ ብቻ ዘጠኝ ቀጫጭን ብርሃን ይገባል። ያ የሳጥን ውስጥ ሽታ እርጥብ ሆኖ መጣልኝ። ዓይኔን ልጨፍን ስል ከማዶ የሰው ድምፅ ሰማሁ። እግሮች ድልድዩ ላይ ወጡ፣ የአራት ሰው፣ ከባድና የተመጣጠነ። ቃሬዛ ነው። ብርሃኖቹ ተራ በተራ ጨለሙና ተራ በተራ ተመልሰው በሩ። ከላይ የልጅቷ ማቃሰት፣ ከወዲህ ዳር ደግሞ የእናቷ «ነይ ልጄ፣ ነይ» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እኔ እንደ ልማዴ በጨለማው ውስጥ ስንጥቅ ፈለግሁ። አንድም አልነበረም። ፈርም ያለኝ ሰው አልነበረም እንጂ ያን ቀን እፈርም ነበር።